ማሳው የት ሄደ? በአሮጌ ፒክአፕ ላይ የማሳ ችግርን ስለ መለየት

እንደሚታወቀው በዲፓርትመንታችን የአውቶ ኤሌክትሪክ ኮርስ ውስጥ ስለ ባትሪ፣ ስለ ዲናሞና ስለ ሞተሪኖ በሰፊው ተምረናል። ስለ ማሳ የተማርነው ግን አንድ ገጽ አይሞላም። በሰርኪዩት ሥዕሉ ግርጌ ሦስት አግድም መስመር ያላት ትንሽ ምልክት ትሣላለች፤ በቃ፣ እዚያ ላይ ያበቃል። እኔም ቢሆን ባለፈው ክረምት የአጎቴ ፒክአፕ መላ ቤተሰቡን እስኪያስጨንቅ ድረስ ምልክቷን ከቁም ነገር አልቆጠርኳትም ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በዚያች መኪና ላይ ያገኘሁትን ለእናንተ ማካፈል ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ። ማሳ የምንለው ከጣልያንኛ የመጣውን ነው፤ እንደ ካንዴላ፣ ፍሬቻና ሞተሪኖ ሁሉ። አያቴ «ማሳው ተበላሽቶ ነው» ስል ሰምተው «የማን ማሳ? ዝናቡ ወሰደው እንዴ?» ብለው ደንግጠው ነበር። አይፈረድባቸውም፤ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት ቱሉ ዲምቱ ላይ ማሳ ማለት የጤፍና የስንዴ ማሳ ብቻ ነበር። የመኪናው ማሳ ግን የኤሌክትሪኩ መመለሻ መንገድ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ የወጣ ከረንት ሥራውን ሠርቶ ወደ ኔጌቲቭ መመለስ አለበት። ለእያንዳንዱ አምፖል የመመለሻ ሽቦ ከመዘርጋት ይልቅ ብረቱ ራሱ፣ ማለትም ሞተሩ፣ ቦዲውና ሻንሲው፣ እንደ ሽቦ ያገለግላል። (ከታሪክ አንፃር ይህ ሁልጊዜ በኔጌቲቭ አልነበረም። የድሮዎቹ የእንግሊዝ ላንድሮቨሮች እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ከቦዲ ጋር የሚያገናኙት ፖዘቲቩን ነበር። እንዲህ ያለ መኪና ካጋጠማችሁ ባትሪ ከመግጠማችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ።)

ወደ መኪናዋ ልመለስ። በ1994 እ.ኤ.አ. የተሠራች ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ቶዮታ ሂሉክስ ናት። አጎቴ በእሷ ከቃሊቲ ሲሚንቶና ቆርቆሮ እየጫኑ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ ቂሊንጦ ያደርሳሉ፤ አንዳንዴም ከቱሉ ዲምቱ በሚጀምረውና በ2007 ዓ.ም. በተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ወደ ቢሾፍቱ ይወርዳሉ። የቤተሰቡ እንጀራ ከእሷ ነው። «ሸጠህ አዲስ ግዛ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ በአሮጌ መኪኖች ላይ የተጣለውን ኤክሳይስ ታክስ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መታገዱን የሚያውቅ ግን ያላትን መኪና አስጠግኖ መያዝ እንደሚሻል ይገባዋል።

ችግሩ የጀመረው ሰኔ ላይ ነው። ጧት ጧት ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» ብላ ዝም ትላለች። ከሦስት አራት ሙከራ በኋላ እያቃሰተች ትነሣለች። ማታ ፓውዛ ሲበራ የሙቀት ጌጁ ያለ ምክንያት ከፍ ይላል፣ ሲጠፋ ይወርዳል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ፍሬን ሲረገጥ አልፎ አልፎ የቀኙ ስቶፕ መብራት ጭል ጭል ሲል የፊት ፓርኪንግ መብራት አብሮት መብራቱ ነው። አጎቴ አንድ ጋራዥ ሄደው ባትሪ ቀይሩ ተባሉ፣ ቀየሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞተሪኖው ነው ተባሉ፣ ካርቦኑ ተቀየረ። ከዚያ ዲናሞው ነው ተባለ። ገንዘቡ ወጣ፣ «ቀጭ» ማለቷ ግን አልቀረም።

አንድ ማታ ከፈጣን መንገዱ ወጥተው ወደ ቱሉ ዲምቱ ሲገቡ ከፊታቸው ሰው ገባና ፍሬን ያዙ። ከኋላ የነበረው አሸዋ የጫነ ከባድ መኪና ስፖንዳውን ሊነካ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ «ስቶፕ የለህም እንዴ!» ብሎ ጮኸባቸው። አጎቴ ቤት ሲገቡ እራት አልበሉም። እኔም በማግሥቱ ቅዳሜ መልቲሜትሬን ይዤ ሄድኩ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት አልደብቅም። እንደተማርነው ባትሪውን ፈትቼ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጌ ከኔጌቲቭ ኬብሉ ጫፍ እስከ ሞተሩ ብረት ለካሁ። 0.3 ኦም አለኝ። የመልቲሜትሩን ሁለት ዘንጎች እርስ በርስ ሳነካካቸውም 0.3 ነው የሚለው። ስለዚህ «ኬብሉ ደህና ነው» አልኩ። ይህ ፈጽሞ የተሳሳተ ድምዳሜ ነበር። መልቲሜትር ኦም ሲለካ የሚልከው ከረንት በጣም ጥቂት ነው፤ ከመቶ የኬብል ክር አንድ ብቻ ቢቀር እንኳ ለዚያች ከረንት ይበቃታል። ሞተሪኖ ግን በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይጠይቃል። በአንድ ሰው መተላለፊያ ቀጭን ድልድይ ላይ ሰልፈኛ ሁሉ በአንድ ጊዜ ልለፍ ሲል ማለት ነው።

ስለዚህ መለካት ያለበት ኦም አይደለም፤ ከረንቱ እየሄደ እያለ በመንገዱ ላይ የሚጠፋው ቮልት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ እንዳትነሣ የናፍጣ መዝጊያውን ሶሌኖይድ ሽቦ ነቀልኩ። መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አደረግሁ። ጥቁሩን ዘንግ በባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ ላይ (ሞርሴቱ ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ)፣ ቀዩን ደግሞ በተፋቀ የሞተር ብረት ላይ ያዝኩ። «ጋሼ፣ እስኪ ቁልፉን ያዙሩልኝ» አልኩ። 1.42 ቮልት! ጤነኛ ማሳ እዚህ ላይ ከ0.2 ቮልት ብዙ ማለፍ የለበትም። በፖዘቲቩ በኩል ስለካ 0.25 ብቻ ሆነ። በዚያ ሰዓት የባትሪው ቮልት 10.6 ስለነበር ሞተሪኖው ጋ የሚደርሰው ከ9 ያነሰ ነው። የተቀየረው ባትሪ ምንም ጥፋት አልነበረበትም፤ ጉልበቱ መንገድ ላይ እየቀረ ነው።

ቀጥሎ መንገዱን መከፋፈል ነው። ከእርሳሱ እስከ ሞርሴቱ 0.31፣ ኬብሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 0.09፣ ከኬብሉ ካፖኮርዳ እስከ ሞተሩ ብረት 1.02። ሦስቱ ሲደመሩ ያው 1.42 ነው፤ ድምሩ ባይገጥም ኖሮ አንዱን አሳስቻለሁ ማለት ነበር። ጥፋተኛው ያች የኬብሉ መያዣ ቡሎን ናት። ክላምፕ ሜትር ስለሌለኝ ሞተሪኖው 200 አምፔር ይወስዳል ብዬ ብገምት፣ በኦም ሕግ መሠረት ጠቅላላ ተቃውሞው 0.007 ኦም ገደማ ነው። የእኔ መልቲሜትር ይህን በምን ዓይኑ ያየዋል? ይኸው ተቃውሞ 5 አምፔር በሚወስድ አምፖል ላይ የሚያጠፋው 0.04 ቮልት እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው «መብራቱ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ማሳው ደህና ነው» የሚባለው አነጋገር የማያስኬደው። ቡሎኗ ላይ ደግሞ 200 ዋት ያህል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ጥቂት ሴኮንድ ካስነሣችሁ በኋላ በጣት ብትነኳት ትታወቃለች።

ካንዴሌታዎቹም ማሳቸውን የሚያገኙት በሞተሩ ብረት ነው። የቱሉ ዲምቱ የነሐሴ ጧት ብርድ ላይ በቂ ሙቀት ሳያገኙ ሞተሪኖውም ሲደክም መኪናዋ ባትነሣ ምን ይገርማል።

መልቲሜትር የሌለው ሰውስ? ለሱ የምትሆን ቀላል ዘዴ አለች። ባትሪ ለመቀባበል የምንጠቀምበትን ወፍራም ኬብል አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ነክሶ ማስነሣት ነው። ሞተሪኖው ድንገት ጉልበት ካገኘ በሽታው ማሳ ነው። አጎቴ ይህን ሲያዩ ጥቂት ዝም አሉና «ለዚች ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ብር ያወጣሁት?» አሉ። የምመልሰው አልነበረኝም።

የጌጁ ጉዳይ ሌላ ነው። በሞተሩና በጋቢናው መካከል እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ የመዳብ ማሳ አለ። ሞተሩ በጎማ ትራስ ላይ ስለሚቀመጥ ከቦዲው ጋር በብረት አይገናኝም፤ ሹሩባው ነው የሚያገናኘው። ፓውዛና የማሞቂያ ፋን አብርቼ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ጋቢናው ብረት ስለካ 0.6 ቮልት አገኘሁ። ሹሩባው ዝገት በልቶት አረንጓዴ ሆኗል፣ ከግማሽ በላይ ክሩ ተበጥሷል። የሙቀት መለኪያው ሴንሰር ማሳው ሞተሩ ነው፣ የዳሽቦርዱ ማሳ ግን ቦዲው ነው። ሁለቱ በቮልት ሲለያዩ ጌጁ የሚያሳየው የውኃውን ሙቀት ሳይሆን ልዩነቱን ጭምር ነው። ሹሩባው ጨርሶ ሲበጠስ ደግሞ ከረንቱ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በነዳጅ ፔዳል ኬብል በኩል መንገድ ይፈልጋል። የፔዳሉ ኬብል ከጋለ ወይም ሽፋኑ ከቀለጠ መጀመሪያ ሹሩባውን ፈልጉ።

የኋላው መብራት ነው ብዙ ያስተማረኝ። የዚች መኪና ስፖንዳ ኦሪጂናሉ አይደለም፤ ከዓመታት በፊት በላሜራ ተሠርቶ የተበየደ ነው። የሠራው ሰው ቀለም ቀብቶ ከጨረሰ በኋላ የመብራቱን ማሳ ሽቦ በቀለሙ ላይ በአንዲት ቪቴ አሰረው። ቀለም ደግሞ ከረንት አያሳልፍም፤ ማሳው የሚያልፈው በቪቴዋ ጥርስ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ የአካባቢያችን ጥቁር ጭቃና የላቫጆ ግፊት ውኃ ተጨመሩበት። ከቀኙ መብራት ማሳ ሽቦ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ በረጅም ሽቦ ስለካ፣ የኋላ መብራት ብቻ ሲበራ 0.4፣ ፍሬን ሲጨመር 1.9፣ ፍሬቻ ሲጨመር 3.2 ቮልት ሆነ። ጭነቱ በጨመረ ቁጥር ኪሳራው ይጨምራል፤ የመጥፎ ማሳ ጠባይ ይህ ነው። ሦስት ቮልት ቀላል ይመስላል። የአምፖል ብርሃን ግን ከቮልቱ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ከሩብ የማይበልጥ ቮልት ሲጎድል ብርሃኑ ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል። ያ የከባድ መኪና ሾፌር በማታ ያላየው ይህንን ነው።

የፊት ፓርኪንጉስ ለምን አብሮ ይበራል? የኋላው አምፖል ባለ ሁለት ክር ነው፤ 21 ዋቱ ለስቶፕ፣ 5 ዋቱ ለኋላ መብራት፤ ማሳቸው የጋራ ነው። ኮረኮንች ላይ ቪቴዋ ስትነቃነቅ ማሳው ጨርሶ ይለቃል። የስቶፑ ከረንት መውጫ ሲያጣ በ5 ዋቱ ክር ወደ ኋላ ይመለስና በኋላ መብራት ሽቦ አድርጎ ሌሎቹ መብራቶች ጋ ይደርሳል፤ የሚወጣውም በእነሱ ማሳ ነው። ስለዚህ አንዱ መብራት ሲነካ ሌላው የሚበራበት መኪና ስታዩ ቁልፍ ወይም ፊውዝ ከመቀየራችሁ በፊት የመብራቱን ማሳ እዩ።

ጥገናው ከምርመራው ይቀላል። መጀመሪያ ኔጌቲቩን መፍታት (ፖዘቲቩን ቀድሞ የሚፈታ ሰው ቁልፉ ቦዲ ከነካ እሳት ያያል)፣ ቡሎኑንም፣ ካፖኮርዳውንም፣ የሞተሩንም ብረት በካርታቬትራ እስኪያብረቀርቅ መፋቅ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ማስገባት፣ አጥብቆ ማሰር። ግሪስ የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ከላይ ነው፤ ብዙ ሰው ቀድሞ በመሀል ይቀባል። ሞርሴቱ ላይ ኮካ ማፍሰስም ልማድ ነው፤ ኮካ አሲድ ነው፣ ስኳሩም ይቀራል፤ የሞቀ ውኃና ቤኪንግ ሶዳ ይሻላል። ለሹሩባው አዲስ ወፍራም ኬብል፣ ለኋላ መብራቶቹ ደግሞ በቀጥታ ከሻንሲው ጋር የታሰረ አዲስ ሽቦ አደረግሁ። ስፖንዳ የምታስበይዱ ሁሉ ባትሪውንና ዲናሞውን አስፈትታችሁ፣ የብየዳውን ማሳ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ አስነክሱ፤ አለዚያ የብየዳው ከረንት በኩሽኔታና በዲናሞ ዳዮድ ውስጥ ሊያልፍ ይችላል።

ከጥገናው በኋላ የሞተሪኖው ማሳ 0.12፣ የጋቢናው 0.04፣ የኋላው መብራት ሁሉም ሲበራ 0.07 ቮልት ሆነ። ወጪው ከአንድ የጎማ ጥገና ብዙም አይበልጥም።

አንድ ነገር ለዲፓርትመንታችን መምህራን ብናገር አይከፋኝም። ወርክሾፓችን ውስጥ ያሉት መለማመጃ ቦርዶች ሽቦአቸው አዲስ፣ ማሳቸው ንጹሕ ነው፤ የቮልት ኪሳራ መለካት የሚያስፈልግበት አጋጣሚ የለም። ከቃሊቲ ጋራዦች አንድ የዛገ ሻንሲ ቢመጣልን ከአዲስ ቦርድ ይልቅ እሱ ያስተምረናል።

የቀረኝ የግራው ፓውዛ ነው፤ አሁንም ትንሽ ደከም ይላል። በዚያ ዘመን በነበሩ ብዙ ቶዮታዎች ላይ የፓውዛው ማብሪያ የሚቆጣጠረው ፖዘቲቩን ሳይሆን ማሳውን ነው፤ ስለዚህ ሲጠፋም ሶኬቱ ላይ 12 ቮልት ይነበባል፣ ሰውም ይደናገራል። የሚመጣው እሑድ ማብሪያውን ከፍቼ አየዋለሁ። ያለ ጥፋቱ የወጣው አሮጌው ባትሪም አልተጣለም፤ ቻርጅ አድርጌ ስለካው 12.6 ቮልት ያዘ። አሁን በአጎቴ ግቢ የዘበኛው ቤት ውስጥ አንዲት አምፖል ያበራል።