ከሥዕሉ ሥር ያለው ጀሶ

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው በጉለሌ ክፍለ ከተማ አናት ላይ ሁለት ስመ ጥር አብያተ ክርስቲያናትን ያገኛል፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባትን እንጦጦ ማርያምንና እንጦጦ ራጉኤልን። ቁልቁል ወደ ስድስት ኪሎ የወረደ ደግሞ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምን ያገኛል፤ በዚያም በእንጨት ገበታ ላይ የተሣሉ የየዘመኑ ቅዱሳት ሥዕላት ተሰብስበዋል። ተመልካች በሁለቱም ሥፍራ ዓይኑ የሚያርፈው በፊቶቹ፣ በዓይኖቹና በቀለማቱ ላይ ነው። ነገር ግን ቀለሙ ዘመን ይሻገር ወይም ይርገፍ የሚለው ጉዳይ በአብዛኛው የሚወሰነው ሠዓሊው ብሩሹን ቀለም ውስጥ ከመንከሩ በፊት፣ ከሥር በሚቀባው ነጭ ቅብ ነው።

ይህን ቅብ የዘመኑ ቀለም ቀቢዎች ፕራይመር ይሉታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ መነሻ ቅብ እንለዋለን። ጉዳዩ የሠዓሊዎች ብቻ ይመስላል፤ ሆኖም ከአያት የተወረሰ ሥዕል በቤቱ የሰቀለ ወይም በደብሩ የሕንፃ ኮሚቴ ውስጥ የሚያገለግል ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ያለ እውቀት የሚደረግ “ጽዳት” እና “እድሳት” ጊዜ ያልጎዳውን ሥዕል በአንድ ከሰዓት ሊያጠፋው ይችላልና።

ሁለት ዓይነት ገላ

ቀለም የሚቀባበት ነገር በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። አንደኛው ቀለሙን ይጠጣል፤ ሁለተኛው አልቀበልም ይላል። እንጨት፣ ጨርቅና የጭቃ ግድግዳ ጠጪዎች ናቸው። ባዶ እንጨት ላይ የተቀባ ቀለም ማያያዣው ወደ እንጨቱ ይሰርግና ቀለሙ እንደ ዱቄት ደርቆ ይቀራል። በዚያ ላይ እንጨት ሁሉንም ቦታ እኩል አይጠጣም፤ ጉጡና ለስላሳው ክፍል ይለያያሉ፤ ስለዚህም ቀለሙ ዥጉርጉር ይሆናል።

ብረትና ፕላስቲክ ደግሞ የሁለተኛው ወገን ናቸው። የአውሮፕላንና የመኪና ትንንሽ ሞዴሎችን የሚገጣጥሙ ሰዎች ይህን አሳምረው ያውቁታል። ሞዴሎቹ የሚሠሩበት ፖሊስታይሪን የተባለ ፕላስቲክ ልሙጥ በመሆኑ ቀለም አይዝም፤ ከፋብሪካ ሲመጣም ከቅርጽ ማውጫው የተረፈ ቅባት ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው በመጀመሪያ ክፍሎቹን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥቦ ያደርቃቸዋል፤ ቀጥሎ ግራጫ ወይም ነጭ ፕራይመር በስሱ፣ ደጋግሞ ይነፋባቸዋል። አንዳንዶቹ ፕራይመሮች የያዙት ማቅጠኛ የፕላስቲኩን ገጽ በጥቂቱ ነክሶ ስለሚይዝ ከላይ የሚመጣው ቀለም በጥፍር ሲጫር አይላጥም። ግራጫው ቅብ ሌላም ጥቅም አለው፤ ባዶው ፕላስቲክ ላይ የማይታየውን ጭረትና የሙጫ ክምር አጉልቶ ስለሚያሳይ፣ ጉድለቱ ከዋናው ቀለም በፊት ይታረማል።

እንግዲህ መነሻ ቅብ ሦስት ሥራ አለው ማለት ነው፤ ቀለሙን ከገላው ጋር ያያይዛል፣ መጠጣትን ይቆጣጠራል፣ ለቀለሙ አንድ ዓይነት መደብ ያዘጋጃል።

የገበታው አዘገጃጀት

በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 በነገሡት በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን፣ በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘውን የእመቤታችንን ሥዕል የሣለው በእንጨት ገበታ ላይ ነው። ከቀለሙ ሥር ጀሶ አለ። ዛሬ ለቤት ጣሪያና ለተሰበረ እግር የምንጠራው ይህ ቃል የጣሊያንኛ ሲሆን፣ በዓለም የሥዕል ሙያም የገበታ መነሻ ቅብ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

አሠራሩ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ገበታው ተልጎ ከለሰለሰ በኋላ ከእንስሳ ቆዳ የተሠራ ሙጫ በውሃ ቀጥኖ፣ ሞቅ ብሎ ይቀባበታል። ይህ የእንጨቱን ጥም ይቆርጣል። ሙጫው መሞቅ እንጂ መንተክተክ የለበትም፤ ከፈላ የመያዝ ኃይሉ ይዳከማል። ያ ሲደርቅ የላመ ጀሶ ወይም ጠመኔ ከሞቀው ሙጫ ጋር ተዋህዶ በስስ በስሱ ይደራረባል። እያንዳንዱ ንብር ሳይደርቅ ሌላው አይጨመርም። በአንድ ጊዜ በወፍራሙ ከተለቀለቀ ላይኛው ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በመጨረሻም ገጹ ተፍቆ እንደ እንቁላል ቅርፊት ሲለሰልስ ለንድፍ ዝግጁ ይሆናል።

ለዚህ ሥራ የሚውለው ጀሶ ከግንባታ ዕቃ መደብር የሚገዛው ጀሶ እንዳለ አይደለም። የግንባታው ጀሶ ተቃጥሎ ውሃው የወጣለት በመሆኑ ውሃ ሲነካው ወዲያው ይጠጥራል። የሥዕሉ ጀሶ ግን በብዙ ውሃ እየተማሰለ ለብዙ ቀናት ቆይቶ፣ የመጠጠር ጠባዩን የጨረሰ ልም ዱቄት ነው። በአሁኑ ጊዜ በቆርቆሮና በፕላስቲክ ዕቃ ታሽጎ የሚሸጠው “ጀሶ” ደግሞ በአብዛኛው ከአክሪሊክ የተሠራና በውጭ አገር በ1950ዎቹ ገበያ ላይ የዋለ ሌላ ዓይነት ቅብ ነው።

ጠንካራው ከሥር፣ ደካማው ከላይ

ትልቁ ጥበብ ያለው በሙጫው መጠን ላይ ነው። ሙጫው ካነሰ ቅቡ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ይራገፋል። ከበዛ ደግሞ ሲደርቅ በኃይል ይኮማተርና ከእንጨቱ ተገንጥሎ ይነሳል። ስለዚህ የሙያው ሕግ፣ የላይኛው ንብር ከታችኛው የጠነከረ መሆን የለበትም ይላል። ይህ ሕግ ሲጣስ የሚሆነውን በብዙ ቦታ ማየት ይቻላል። በአሮጌ የሙጫ ቀለም ላይ “እንዲያምር” ተብሎ የዘይት ወይም የሲንቴቲክ ቀለም ሲቀባበት፣ አዲሱ ጠንካራ ቅብ ሲደርቅ ሥሩ ያለውን ደካማ ንብር ይስበዋል። ከዓመታት በኋላ ሲላጥ አዲሱ ብቻውን አይወድቅም፤ አሮጌውን ይዞ ይወርዳል።

የአየሩ ጠባይም አለ። እንጨት በክረምት እርጥበት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ጀሶው ግን እንደ እንጨቱ አይለጠጥም። በአሮጌ ገበታዎች ላይ የእንጨቱን መስመር ተከትለው የሚታዩት ስንጥቆች አንዱ ምክንያታቸው ይህ ነው። 3,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ፣ ብርድና ጉም በማይለየው እንጦጦ አካባቢ ጉዳዩ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል።

በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ያሉ ሥዕሎች ብዙዎቹ በጥጥ ጨርቅ ላይ የተሣሉና በማጣበቂያ የተለጠፉ ናቸው። ጣሪያው ሲያፈስ ውሃው በግድግዳው ወርዶ ማጣበቂያውን ያላላል፤ ጨርቁ ይነፋል፤ ቀለሙ ይፈረፈራል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሥዕሉን ከማደስ በፊት ጣሪያውን መድፈን ይቀድማል።

ምን ይደረግ?

የቆዳ ሙጫ በውሃ ይሟሟል። ስለዚህ በጀሶ ላይ የተሣለን አሮጌ ሥዕል በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ከላይ ያለውን አቧራ ብቻ ሳይሆን ከሥር ያለውን መሠረትም ማጠብ ነው። ዘይት፣ ቅቤ ወይም ቫርኒሽ መቀባትም ለጊዜው ያብረቀርቀዋል እንጂ አቧራና ጭስ ይዞ ያጠቁረዋል፤ በኋላም ለማጽዳት አስቸጋሪ ይሆናል። ቀለሙ ጠንካራ ከሆነና ምንም የተነሳ ክፍል ከሌለው በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አቧራውን በቀስታ ማንሳት ይበቃል። የተነሳ ክፍል ካለው ግን ብሩሽም አይንካው፤ ገበታውን አግድም አስተኝቶ ባለሙያ መጥራት ይሻላል። ሥዕልን በውጭ ግድግዳ፣ በምድጃ አጠገብ ወይም ቀጥተኛ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ትይዩ አለመስቀልም ዕድሜውን ያረዝማል።

ጉዳዩ የቅርስ ሲሆን ደግሞ የሕግም ጉዳይ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209፣ በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገና ሥራ አስቀድሞ የባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ደንግጓል። የደብር ኮሚቴዎች ቀለም ቀቢ ከመዋዋላቸው በፊት አንድ ጥያቄ ቢጠይቁ ይበጃል፤ “ከዚህ ሥዕል ሥር ያለው ምንድን ነው?” ለዚህ መልስ የሌለው ሰው ብሩሹን ባያነሳ ይመረጣል።