አካሉ የጎደለ ግልገል ለምን ይወለዳል?

አልፓካ የግመል ዘመድ ነው፤ ግን ሻኛ የለውም፣ ቁመቱም አጭር ነው። በብዛት የሚረባው በደቡብ አሜሪካ፣ በፔሩ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ነው። አርቢዎቹ የሚኖሩት ፀጉሩን እየሸለቱ ነው። እናቲቱ አሥራ አንድ ወር ከመንፈቅ ያህል አርግዛ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። አንድ ግልገል ሞተ ማለት የዓመት ልፋት ጠፋ ማለት ነው።

አንዳንዱ ግልገል ፊቱ ጠማማ ሆኖ ይወለዳል። አንዳንዱ ጣቱ ይበዛል። የአንዳንዱ ደግሞ ከአፍንጫ ወደ ጉሮሮ የሚወስደው ቀዳዳ ድፍን ነው። ይህኛው እየጠባ መተንፈስ ስለማይችል ብዙ አይቆይም። ታዲያ ምክንያቱ ምንድር ነው? እርግማን ነው? አይደለም። በሁለት በኩል መፈለግ አለበት።

አንደኛው ዘር ነው። ግልገል ከአባቱም ከእናቱም የዘር ቅንጣት ይወርሳል። አንዳንዱ የተበላሸ ቅንጣት ከአንድ ወገን ብቻ ሲመጣ ተደብቆ ይኖራል፤ ከሁለቱም ሲመጣ ግን ጉድለቱ ይወጣል። ጤነኛ የሚመስሉ ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ፣ በአማካይ ከአራት ግልገሎች አንዱ ጉድለቱ ይደርሰዋል። ዘመዳሞችን ማዳቀል አደጋውን የሚያበዛው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው አካባቢ ነው። መርዛም ቅጠል ወይም ኃይለኛ ትኩሳት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። የበጎችን ነገር እንይ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ፣ በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት፣ ባለ አንድ ዓይን ግልገሎች ይወለዱ ነበር። መጀመሪያ ዘር ተጠረጠረ። በኋላ ተመራማሪዎች በተራራው እርጥብ መስክ የሚበቅል አንድ ተክል ለእርጉዝ በጎች አበሉ። በእርግዝናዋ በ14ኛው ቀን ገደማ የበላችው በግ እንደዚያ ያለ ግልገል ወለደች። መፍትሔው ቀላል ሆነ፦ ያ ጊዜ እስኪያልፍ በጎቹን ከመስኩ ማራቅ።

አርቢው ምክንያቱን ካሳተ ሁለት ጊዜ ይከስራል። ደህናውን አውራ ይሸጣል፤ መርዙ ግን መስኩ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ደብተር ይያዝ። አባቱ ማን ነው? እናቱ ማን ናት? መቼ ተገናኙ? ያን ጊዜ የት ጋጠች? ብሎ ይጻፍ። ጉድለቱ በተለያየ መስክ የአንድን አውራ ልጆች ከተከተለ ዘር ይጠርጥር፤ አውራውንም ከመንጋው ይለይ። የተለያዩ አውራዎች ልጆች በአንድ ወቅት፣ ከአንድ መስክ ከተጎዱ ግን መስኩን ይመርምር። የተጻፈ ነገር እኮ አይረሳም።