ያልታየውን ወፍ መቁጠር

በአላስካ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ በብሩክስ ተራሮችና በቦፎርት ባሕር መካከል የተዘረጋው ሜዳ ዛፍ የሚባል የለበትም። ዓይን የሚጋርድ ስለሌለ፣ በአጭሩ በጋ ሊፈለፍሉ የሚመጡትን የውሃ ዳርቻ ወፎች መቁጠር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን እንቁላሏን የታቀፈች ወፍ ከደረቀው ሣር አትለይም፤ ሰው አጠገቧ እስኪደርስ ንቅንቅ የማትልም አለች።

ቆጣሪው የደረሰበት ሳምንት ራሱ ቁጥሩን ይለውጠዋል። ፔክቶራል ሳንድፓይፐር የተባለው የውሃ ዳርቻ ወፍ ወንዱ በጁን መጀመሪያ ደረቱን ነፍቶ እያጉረመረመ ዝቅ ብሎ ይበራል፤ ከሩቅ ይታያል፣ ይሰማልም። እንቁላል መታቀፍ ግን ድርሻው አይደለም። እሱ ሲሄድ የምትቀረው የተደበቀችው እናት ናት። ፋላሮፕ በሚባሉት ወፎች ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ደማቋ ሴቷ ናት፣ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፣ የሚታቀፈው አባት ነው። ስለዚህ አንዱኑ መስክ ዘግይቶ የቆጠረ ሰው፣ አንድም ወፍ ሳይሞት ሌላ ቁጥር ይዞ ይመለሳል።

ለዚህ የተበጀው መፍትሔ ድርብ ናሙና ነው። በዕጣ የተመረጡ በርካታ ቦታዎች በሄሊኮፕተር ተደርሶባቸው አንዴ ብቻ በፍጥነት ይቆጠራሉ። በጥቂት ቦታዎች ደግሞ ተመራማሪዎች ድንኳን ተክለው ወቅቱን ይከርማሉ፤ ረጅም ገመድ ለሁለት ይዘው ሣሩ ላይ እየጎተቱ የታቀፉትን ያስነሳሉ፣ ጎጆ በጎጆ ይመዘግባሉ። እነዚሁ ቦታዎች በፈጣኑ መንገድም ይቆጠራሉ። አሥር ወፍ ባለበት ፈጣኑ ቆጣሪ ስምንት ካየ፣ በሌሎቹ ቦታዎች የታየው ሁሉ ለ0.8 ይካፈላል። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ ሆኖም የቆመው በአንድ ግምት ላይ ነው፦ ድንኳን በሌለበትም ከዓይን የሚያመልጠው ያንኑ ያህል ነው በሚል። ጭጋግና ነፋስ ይህን ያዛባሉ።

በአርክቲክ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ የባሕር ዳር ሜዳ እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2004 በዚህ ዘዴ የተካሄደው ጥናት 230 ሺህ ገደማ የውሃ ዳርቻ ወፎች እንዳሉ ገመተ። አብሮት የቀረበው የስህተት ክልል ግን ከ104 ሺህ እስከ 363 ሺህ ይደርሳል። ይህን ክልል ቆርጦ 230 ሺህን ብቻ የሚጽፍ ዘገባ አንባቢን ያሳስታል። ወፎቹ በሲሶ ቀንሰው ወደ 150 ሺህ ቢወርዱ እንኳ አዲሱ ቁጥር እዚያው ክልል ውስጥ ያርፋልና።

የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2017 ሜዳውን ለነዳጅ ኪራይ የከፈተ ሕግ ስላጸደቀ፣ ጉዳዩ የሒሳብ ብቻ አይደለም። «ወፎቹ አልቀነሱም» የሚል ሪፖርት ሲቀርብ፣ ቆጠራው መቀነሳቸውን የማየት አቅም ነበረው ወይ ተብሎ መጠየቅ አለበት። አቅሙን የሚጨምረው ወፎቹ በሚበዙበት ረግረግ ላይ ብዙ ቦታ መቁጠርና በረዶው በቀለጠ በተመሳሳይ ሳምንት ደግሞ ደጋግሞ መመለስ ነው።