ጎመን በጤና
(ስለ ክረምት አትክልትና ፍራፍሬ ንጽሕና)

እናቶች ሆይ! አባቶቻችን «ጎመን በጤና» ሲሉ፣ ጮማው ቢቀር ጤና ካለ ጎመኑ ይበቃል ማለታቸው ነው። ታዲያ ጎመኑ ራሱ በሽታ ይዞ ቤት እንዳይገባ መጠንቀቅ የእኛ ፈንታ ነው።

በክረምት ገበያው ብዙ ያቀርባል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ድንችና ቃሪያ አለ፤ ኮክ በሐምሌና በነሐሴ ይደርሳል፤ ከትግራይ በለስ ይመጣል፤ ዘግየት ብሎም የበቆሎ እሸት በየመንገዱ ይጠበሳል። በአዲስ አበባ፣ በልደታ ሰፈር፣ ይህ ሁሉ በየጉሊቱ ተዘርግቶ ይታያል። ጎመን ለዓይንና ለደም ይረዳል፤ ቃሪያ ደግሞ ድድን የሚያጠነክር ቫይታሚን ሲ አለው። ስለዚህ አትብሉ አንልም፤ አጥባችሁ ብሉ እንላለን እንጂ።

አደጋው ከምን ይመጣል? የክረምት ጎርፍ በሜዳ የተጣለውን ዓይነ ምድር ጠርጎ ወደ ወንዝና ወደ ጓሮ ያወርደዋል። ትንሹ አቃቂ ወንዝ የከተማውን ቆሻሻ ተሸክሞ ሲወርድ፣ በዳርቻው ጎመንና ሰላጣ ይተከላል። በገጠርም ልጆች በጓሮ ከተጸዳዱ ነገሩ ያው ነው። አንዲት ሴቴ ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉም በዓይን አይታይም። ነጋዴዋ ጎመኑ እንዳይጠወልግ ውሃ ትረጨዋለች፤ ማብረቅረቁ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ተነሥቶ እንደ ነበር አንርሳ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

1ኛ. አስቀድማችሁ እጃችሁን በሳሙና፣ ሳሙና ቢጠፋ በአመድ ታጠቡ።

2ኛ. ጎመኑን ቅጠል በቅጠል ለይታችሁ፣ ሳትከትፉት በፊት በንጹሕ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቡ። ከተከተፈ በኋላ ቢታጠብ ጥቅሙ ከውሃው ጋር ይፈሳል።

3ኛ. አብስሉት። ሎሚና ኮምጣጤ የወስፋትን እንቁላል አይገድሉም፤ የሚገድለው እሳት ነው። ነገር ግን ከበሰለ በኋላ ሲንተከተክ አይዋል፤ ቫይታሚኑ ይጠፋል። የተቀቀለበትንም ውሃ ለወጡ አድርጉት እንጂ አትድፉት።

4ኛ. ኮክና ቲማቲም አጥባችሁ ልጡ። በፍልሰታ ጾም ሰላጣ በጥሬው መብላት የተለመደ ነው፤ ተቅማጥ በአገር ሲገባ ግን ሰላጣው ይቅር፣ ድንችና ጎመን ይቀቀል።

5ኛ. አረንጓዴ የሆነ ድንች መርዝነት አለው፤ መቀቀልም አያጠፋውም። አትግዙት፣ ለልጅም አትስጡት።

ልጅ ቢያስቀምጠው ጡት አትከልክሉት፤ እንዲያውም አዘውትራችሁ አጥቡት። ኦ አር ኤስ በንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ከደከመ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አንድ ማሰሮ ውሃና ጥቂት ድካም የልጅን ነፍስ ያድናል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።