ሊፍቱ አልወርድም ሲል

ጋራዥ ውስጥ ስለ ሊፍት ከሚሰሙት አቤቱታዎች አንዱ «አልወርድም አለ» የሚለው ነው። መኪናው እላይ ተሰቅሏል፣ ባለቤቱ ሳይመሽ ጋይንት ለመግባት ቸኩሏል፣ የጋራዡ ልጅ የማውረጃውን እጀታ ደጋግሞ ይጫናል፤ ሊፍቱ ግን ንቅንቅ አይልም። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ብልሽት አይደለም። ሊፍቱ ሲነሳ «ቋ፣ ቋ» የሚለው ድምፅ የመቆለፊያው ጥርስ ነው፤ መኪናው ጥርሱ ላይ ካረፈ ዘይቱን ቢለቁት አይወርድም። መጀመሪያ ጥቂት ከፍ ማድረግ፣ መቆለፊያውን በሁለቱም ምሰሶ ማላቀቅ፣ ከዚያ ማውረድ ነው። ዘይቱ ያነሳል፣ ብረቱ ይይዛል። ጥርሱ ሳይያዝ ከሥር የሚገባ መካኒክ ሕይወቱን ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይቱን ለምትይዝ አንዲት የጎማ ቀለበት አደራ ሰጥቷል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ፓምፑን ያዞራል፣ ፓምፑ ከጋኑ ዘይት ስቦ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል። ግፊቱ 150 ባር፣ የሲሊንደሩ አፍ 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሦስት ቶን ገደማ ይሸከማል። ለመኪና የሚሆነውን ሊፍት በ1925 እ.ኤ.አ. የሠራው የሜምፊሱ ፒተር ሉናቲ ሐሳቡን ያገኘው ከፀጉር አስተካካይ ወንበር ነው ይባላል።

ሞተሩ «እም» ብሎ ካልዞረ ጥፋቱን ዘይት ላይ አትፈልጉ። ወይ መብራቱ ደክሟል፣ ወይ ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ጠፍቷል። እጅን ከማብሪያው ላይ ቶሎ ማንሳት ነው፤ እንዲያ እያቃሰተ ከቆየ ጥቅልሉ ይቃጠላል። ሌላም አለ፦ መስመር ተጠግኖ መብራት ሲመለስ ሁለት ፌዝ ቦታ ተለዋውጠው ከሆነ ሞተሩ ደህና አድርጎ ይዞራል፣ ግን ወደ ኋላ። ፓምፑም ዘይት አይገፋም። ይህን ሳያይ ፓምፕ የፈታ ሰው ቀኑን በከንቱ ያሳልፋል።

ሊፍቱ እየዘለለና እየተንቀጠቀጠ ከወጣ አየር ገብቷል፤ የጋኑን ዘይት ማየት፣ የመሳቢያውን ቱቦ ማጥበቅ፣ ከዚያ ባዶውን ጥቂት ጊዜ አውጥቶ ማውረድ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ግን ሌላም ምክንያት ይጨመራል። ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ ያንሳል። የጉና ተራራ ብርድ ያደረበት ወፍራም ዘይት ጠዋት ፓምፑ ውስጥ ሲንጫጫ የሚሰማው ለዚህ ነው። ለእንዲህ ያለ ቦታ ከ68 ይልቅ ቀጭኑን 32 ቁጥር ሃይድሮሊክ ዘይት እመርጣለሁ፣ የአምራቹ መመሪያ ከፈቀደ። የፍሬን ዘይት ግን ጨርሶ አይሞከርም፣ ጎማውን ይበላዋል።

ማታ የተሰቀለ ጠዋት ወርዶ ከተገኘ የሆነ ቦታ ይፈሳል ማለት ነው። ንጹሕ ካርቶን ከሲሊንደሩና ከፓምፑ ሥር አንጥፎ ማሳደር ከሁሉ የረከሰ ምርመራ ነው። ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ ካደረ ዘይቱ የሚመለሰው በውስጥ፣ በማውረጃው ቫልቭ በኩል ነው፤ ብዙ ጊዜ እዚያ የተቀረቀረች ብናኝ ናት። በእጅ እየዳበሱ የሚፈሰውን መፈለግ ግን አደገኛ ልማድ ነው። ከቱቦ ቀዳዳ በዚያ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። መርፌ የወጋው ያህል ስለሚመስል ሰው ይንቀዋል፤ በሰዓታት ውስጥ ግን እጁ ያብጣል፣ ካልተከፈተና ካልታጠበም ጣት ሊቆረጥ ይችላል። ባያምም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ባዶውን የሚነሳ ሊፍት መኪና ሲጫን ከከበደው ፓምፑ አርጅቶ ወይም የግፊት መወሰኛው ቫልቭ ላልቶ ይሆናል። ግን አስቀድሞ የተጫነውን ማየት ነው። ባለሁለት ምሰሶው የተለመደ ሊፍት አራት ቶን ነው የሚችለው። ከወረታ ወደ ወልድያ እህል ጭኖ የሚያልፍ አይሱዙ ኤንፒአር ከነጭነቱ ሰባት ቶን ይደርሳል፤ ጋፋት ላይ ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የተጎተተውን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ ያክላል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ሊያነሳ ሲል የግፊት መወሰኛውን በቁልፍ የሚያጠብቅ አለ። ቫልቩ እንቢ ያለው ሥራው ስለሆነ ነው፤ እሱ ዝም ሲል የሚናገረው ቱቦው ወይም ምሰሶው ነው።

አንዱ ክንድ ከሌላው ዝቅ ካለ ሁለቱን የሚያስተካክለው የብረት ገመድ ተለጥጧል፣ በዳዶው ይስተካከላል። የአንዱ ክር እንኳ ከተበጠሰ ግን ገመዱ ይቀየራል።

የምሰሶው እግር ደግሞ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ወረታና ፎገራ ሜዳ ላይ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት አብጦ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ላይ የተሞላ ስስ ኮንክሪትም አብሮት ይንቀሳቀሳል። ቡሎኑን በየጊዜው ማጥበቅ ደግ ነው። ቡሎኑ እየጠበቀ ዙሪያው ከተሰነጠቀ ግን ማጥበቁ አይረዳም፤ ሊፍቱን ነቅሎ፣ አፈሩን አውጥቶ፣ ድንጋይ ደልድሎ ወለሉን እንደገና መሙላት ነው።