ዊንዶውስ «ፓርቲሽን መፍጠር አልቻልኩም» ሲል ምን ይደረጋል? ዲ ላይ ያለው ፋይላችሁስ?

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ካበቃ ወዲህ ላፕቶፑን ወደ 11 የሚያሻግረው ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ ግን መሃል ላይ ይቆማል። ፍላሹ ቡት አድርጓል፣ ቋንቋ ተመርጧል፣ ዲስኩን ነክቶ «ኔክስት» ሲል ኢንስቶለሩ «አዲስ ፓርቲሽን መፍጠርም ሆነ ያለውን ማግኘት አልቻልንም» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ያወጣል። ደጋግሞ ቢሞክርም ያው ነው።

ዲስኩ ሞቷል ብላችሁ አዲስ ለመግዛት አትሩጡ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የኢንስቶለሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ የሚፈልገው አንድ ክፍል ብቻ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚያነበው ኢኤፍአይ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ኤምኤስአር የሚባል 16 ሜጋባይት መጠባበቂያ አለ። ከዚያ እናንተ ሲ ብላችሁ የምታውቁት ዋናው ይመጣል። እነዚህን ኢንስቶለሩ ራሱ መቁረጥ ነበረበት። ሌላ ሃርድ ዲስክ ወይም ትርፍ ፍላሽ ከተሰካ ግን ማስነሻውን የት እንደሚያኖር ይምታታበታል። ዲስኩ ላይ የሊኑክስ ወይም የሌላ አሮጌ ፓርቲሽን ቅሪት ሲኖርም ሊያጋጥም ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀላሉን ሞክሩ። አጥፉት፣ ትርፉን ሁሉ ንቀሉ፣ መጫኛ ፍላሹን ወደ ሌላ ፖርት ቀይሩና ድገሙ። በዚህ ብቻ የሚፈታበት ጊዜ ቀላል አይደለም።

እምቢ ካለ ኢንስቶለሩ ያቃተውን ሥራ እኛው በእጃችን እንሠራለታለን። ግን እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሁላችንም የለመድነው አባባል አለ፦ «ፋይሌ ዲ ላይ ነው፣ ፎርማት ቢደረግም አይነካም»። ሲን ብቻ ፎርማት ስታደርጉ እውነት ነው። አሁን የምንጠቀምበት «ክሊን» የሚባለው ትዕዛዝ ግን ሲና ዲ አያውቅም። የመረጣችሁትን ዲስክ በሙሉ ነው ባዶ የሚያደርገው፤ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎም አይጠይቅም። የመመረቂያ ጽሑፍም የሠርግ ፎቶም አብሮ ይሄዳል።

አሮጌው ዊንዶውስ አልነሳ ብሎ ፋይል ማውጣት ካልቻላችሁ ኢንስቶለሩ ላይ ሆናችሁ ማውጣት ይቻላል። ሺፍት እና ኤፍ10ን አንድ ላይ ተጫኑ (አንዳንድ ላፕቶፕ ኤፍኤን ጨምሩ ይላል)። ጥቁር መስኮት ይከፈታል። ኖትፓድ ብላችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ፋይል፣ ኦፕን፣ ከታች «ሁሉም ፋይሎች» የሚለውን ምረጡ። የሚከፈተው ትንሽ መስኮት ዲስካችሁን ያሳያል፤ ኮፒ አድርጋችሁ ወደ ሌላ ፍላሽ ፔስት ማድረግ ትችላላችሁ። ዲስኩ በቢትሎከር ከተቆለፈ ግን ቁልፉ ያስፈልጋል። ስትጨርሱ ይህንን ሁለተኛ ፍላሽ ንቀሉት።

አሁን ወደ ሥራው። ትዕዛዞቹን እኛ በአማርኛ ፊደል ብንጽፋቸውም እናንተ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምታስገቡት፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ኢንተር።

እዚያው ጥቁር መስኮት ላይ «ዲስክፓርት»፣ ቀጥሎ «ሊስት ዲስክ» በሉ። ዲስኮቹ በቁጥር ተዘርዝረው ይመጣሉ። 0 የግድ የላፕቶፑ ዲስክ ነው ማለት አይደለም፣ በመጠኑ ነው የምትለዩት። አምራቾች በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥር 256 ጊጋ የተባለው 238፣ 512 የተባለው 476፣ 1 ቴራ የተባለው 931 ሆኖ ይታያል። 32 ጊጋ ፍላሽ ወደ 29 አካባቢ ነው።

ትክክለኛው 0 ከሆነ «ሴሌክት ዲስክ 0» በሉ። ከዚያ «ዲቴይል ዲስክ» ብትሉ የዲስኩን ስምና ሞዴል ይነግራችኋል። ይህቺን እርምጃ አትዝለሏት፣ አምስት ሰከንድ ናት።

ከዚያ በተራ፦

ክሊን
ኮንቨርት ጂፒቲ
ክሪኤት ፓርቲሽን ኢኤፍአይ ሳይዝ=260
ፎርማት ኩዊክ ኤፍኤስ=ፋት32
ክሪኤት ፓርቲሽን ኤምኤስአር ሳይዝ=16
ክሪኤት ፓርቲሽን ፕራይመሪ
ፎርማት ኩዊክ ኤፍኤስ=ኤንቲኤፍኤስ
ኤግዚት

ጂፒቲ ያልነው ዊንዶውስ 11 ዩኢኤፍአይ ስለሚጠይቅ ነው፤ አሮጌው ኤምቢአር ከዚያ ጋር አይሄድም፣ ከ2 ቴራ በላይም አይሻገርም። ባዮሱ ሌጋሲ ላይ ከሆነ ወደ ዩኢኤፍአይ መልሱት፣ አለዚያ «ጂፒቲ ነው፣ አይጫንም» የሚል ሌላ ስህተት ይጠብቃችኋል።

ጥቁሩን መስኮት ዝጉ፣ ኢንስቶለሩን ከመጀመሪያው አስጀምሩ፣ ትልቁን ክፍል መርጣችሁ ኔክስት። አሁን የሚቆርጠው ነገር ስለሌለ የሚምታታበትም የለም። መጀመሪያ ሪስታርት ሲያደርግ ፍላሹን ንቀሉት፣ ካልሆነ እንደገና ከሀ ሊጀምር ይችላል።

በስህተት ሌላ ዲስክ «ክሊን» ያላችሁ ካላችሁ፣ እዚያው አቁሙ። ትዕዛዙ የሚያጠፋው የክፍልፍሉን ማውጫ እንጂ ፋይሎቹን አንድ በአንድ አይደለም፤ ምንም ሳይጻፍበት በሪከቨሪ ሶፍትዌር የመመለስ ዕድል አለ። ፎርማት ካደረጋችሁት በኋላ፣ በተለይ ኤስኤስዲ ከሆነ፣ ዕድሉ በጣም ይጠባል። «ክሊን ኦል» የሚለው ግን ሁሉን በዜሮ ስለሚሞላ መመለሻ የለውም፣ እሱን አትንኩ።

«ሊስት ዲስክ» ስትሉ ፍላሹ ብቻ ታይቶ የላፕቶፑ ዲስክ ጭራሽ ከሌለስ? ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ኢንቴል 11ኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ ባሉ ላፕቶፖች ላይ ብዙ ጊዜ ቪኤምዲ የሚባለው ነገር ድራይቨር ስለሚፈልግ ነው። ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ድረገጽ አውርዳችሁ ፍላሹ ላይ አድርጉና «ሎድ ድራይቨር» በሚለው አስገቡት፣ ዲስኩ ብቅ ይላል።