የአያት ቮልስና የልጅ ልጅ ራስ ምታት

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ቮልሳችን ስድስት ዓመት ሙሉ ከግቢው ጥግ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። መስከረም በጠባ ቁጥር ሸራውን ገልጬ አያታለሁ። ጎማዋ ካምናው ይልቅ ተንፍሷል፤ ከበሩ ሥር ያለው ዝገትም ሰፍቷል። ምንም ሳልናገር መልሼ እሸፍናታለሁ። ደላሎች በር እያንኳኩ «እማማ፣ ያችን ቮልስ አይሸጧትም?» ይሉኛል። ልጄም የልብስ ማስጫ ቦታ ባጣች ቁጥር «እማዬ፣ ምን ታደርግልሻለች? ሽጫትና እንገላገል» ትላለች።

እውነቱን ለመናገር፣ ያልሸጥኳት ስለምትጠቅመኝ አልነበረም። ባለቤቴ አስተማሪ ነበር፤ በ1979 ዓ.ም. ከአንድ የሥራ ባልደረባው የገዛት እቁብ ጥሎ ነው። ልጆቻችንን ለክትባት የወሰድነው በእሷ ነው። በሌሊት ምጥ የያዛቸውን ሁለት የጎረቤት እናቶች ሆስፒታል ያደረስነውም በእሷ ነው። እኔ 36 ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ስወጣ ግን ስጦታዬን ታቅፌ ቤቴ የገባሁት በታክሲ ነበር፤ ቮልሷ ያኔ ከቆመች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የ15 ዓመቱ የልጅ ልጄ ከስልኩ አልነሣ አለ። ቁርሱም ራቱም ስልኩ ላይ ሆነ። አንድ ቀን «ተነሥና ሸራውን ግፈፍልኝ» አልኩት። የኋላውን ክዳን ከፍቼ ሞተሯን ሳሳየው ሳቀ።

«እማማ፣ ሞተሯ ከኋላ ነው እንዴ? ውኃ የሚጨመረው የቱ ጋ ነው?»

«ውኃ የላትም። በንፋስ ነው የምትቀዘቅዘው።»

ጎንበስ ብሎ ማየት ጀመረ። ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኔም ያን ጊዜ ቮልሷን ላሳድሳት ወሰንኩ።

ቮልስ ለምን?

በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ቮልስን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስ ሲወሰዱ ልጅ ነበርኩ፤ በሰፈራችን ለብዙ ቀን ትልልቆቹ ያወሩ የነበረው ስለዚያች መኪና ነበር። ከዚያ ወዲህም የአስተማሪው፣ የነርሱ፣ የነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ሆና ኖራለች።

ንድፏ የፈርዲናንድ ፖርሸ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በኋላ በጀርመን በብዛት መመረት ጀመረች፤ በየካቲት 1972 እ.ኤ.አ. በብዛት በመመረት የፎርድን ሞዴል ቲ በለጠች። የመጨረሻዋ በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 30 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። ይህ ቁጥር ለኪሳችን ትርጉም አለው፤ ይህን ያህል የተመረተ መኪና ዕቃው በቀላሉ አይጠፋም። ሞተሯም ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የተያያዘችው በአራት ብሎን ብቻ ስለሆነ፣ የለመደ መካኒክ ሳይቸገር ያወርዳታል።

የአሮጌ መኪና ዋጋ እንደ ድሮው ረክሶ አይገኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ክፉኛ አስወድዷል፤ በኋላም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በግቢው አሮጌ መኪና ያቆመ ጡረተኛ ከመሸጡ በፊት ቢያስብበት አይከፋም።

ከዝገት እስከ ሞተር

የእኛዋ የ1965 እ.ኤ.አ. ሥሪት ናት፤ 1200፣ 34 የፈረስ ጉልበት፣ ባትሪዋ 6 ቮልት። ያየልኝ ከሰፈራችን ወረድ ብሎ ጋራዥ ያላቸው አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። እኔ ስለ ቀለሟ ስጠይቃቸው እሳቸው ወለሉን በካቻቢቴ ይወጉ ነበር።

«ሲስተር፣ ቀለሙን ይርሱት። መጀመሪያ ዝገቱ፣ ቀጥሎ ፍሬኑ፣ ከዚያ ሞተሩ። ቀለም መጨረሻ ነው።»

ደስ አለኝ። በድንገተኛ ክፍልም እንዲሁ ነው፤ መተንፈሱን ሳታይ ቁስሉን አታጥብም።

ቮልስ የምትዝገው በታወቁ ቦታዎች ነው። ባትሪዋ ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሆነ አሲዱ ወለሉን ይበላዋል። ከበሮቹ ሥር ያለው ሳንቃ ደግሞ ውኃ ይቋጥራል። የእኛ ወለል በሁለቱም ቦታ ተበስቶ ነበር፤ ባትላሜራው ቆርጦ አዲስ ላሜራ በየደ። ፍሬኗ በዚያ ዘመን ባለ አንድ መስመር ስለነበር፣ ከአንዱ ጎማ ዘይት ቢያፈስ አራቱም ፍሬን ያጣሉ ማለት ነው። የፍሬኑን ፓምፕ፣ ጎሚኒዎቹንና ቱቦዎቹን በሙሉ ለወጥን።

ከዚያ ወደ ሞተሩ ሄድን። ከንፋስ ማስገቢያው ውስጥ የአይጥ ጎጆ ወጣ፤ በንፋስ ለምትቀዘቅዝ ሞተር ይህ አፍንጫን በጥጥ እንደመድፈን ነው። የሻገተውን ቤንዚን ቀዳን። የተሰነጣጠቀውን የነዳጅ ጎማ ቱቦ ለወጥን፤ ቱቦው ከጋለ ሞተር አጠገብ ስለሚያልፍ፣ ብዙ ቮልሶች የሚቃጠሉት ከእሱ በሚያንጠባጥብ ቤንዚን ነው። 2.5 ሊትር አዲስ ዘይት ጨመርን። ሞተሪኖው ከመነካቱ በፊት ልጁ ሞተሩን በቁልፍ፣ በእጁ፣ ቀስ ብሎ እንዲያዞር መካኒኩ አዘዙት። ሲዞርለት ፊቱ በራ።

በዚያ ክረምት ከልጄ ልጅ ጋር ሶማሌ ተራ ስድስት ጊዜ ተመላልሰናል። ዋጋ መከራከርን፣ የብራዚሉን ዕቃ ከጀርመኑ መለየትን፣ ካንዴላ ማጽዳትን፣ የፑንቲናውን ክፍተት መለካትን ተማረ። ስልኩን አልተወውም፤ ግን አሁን የሚያይበት የቫልቭ አስተካከል ነው።

ያልሰማሁት ምክር

መካኒኩ በጻፉልኝ ዝርዝር ውስጥ «የማሞቂያ ሳጥን፣ ሁለት» የሚል ነበር። የቮልስ ማሞቂያ እንዲህ ይሠራል፤ ማራገቢያው የሚገፋው ንጹሕ አየር የጭስ ቱቦውን ከከበቡ ሁለት ሳጥኖች ውስጥ አልፎ ይሞቅና ወደ ተሳፋሪው ይገባል። ጭሱና አየሩ ተጎራብተው ይሄዳሉ፤ የሚለያቸው ብረት ብቻ ነው። የእኛዎቹ ሳጥኖች በዝገት ተበስተው ነበር።

የሁለቱ ሳጥን ዋጋ ከፍሬኑ ዕቃ በሙሉ በለጠብኝ። የእቁብ ገንዘቤ እያለቀ ነበር።

«ጋሼ፣ አዲስ አበባ የበረዶ አገር አይደለም። ማሞቂያ ምን ያደርግልኛል? ይቅር» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ማሞቂያውን በጭራሽ እንዳይከፍቱት» አሉኝ። እሺ አልኩ። ለልጁ ግን አልነገርኩትም።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ በበረታበት ጠዋት፣ እኔና እሱ እህቴን ልንጠይቅ ወደ ሰንዳፋ ተነሣን። ብርድ ነው፤ መስኮቱን ዘግተናል፤ የፊቱ መስታወት በእንፋሎት ተሸፈነብኝ። ልጁ ከእጅ ፍሬኑ አጠገብ ያለውን ማንሻ አይቶ ከፈተው። እኔም አየሁት። ሞቅ ሲለኝና መስታወቱ ሲጠራልኝ ዝም አልኩ።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድን «እማማ፣ ራሴን አመመኝ» አለኝ።

«ቁርስ ሳትበላ ስለወጣህ ነው» አልኩት።

ጥቂት ቆይቶ «ሊያስመልሰኝ ነው» አለ። የእኔም ግንባር ተወጥሮ ነበር። እኔ ግን ቁርስ በልቻለሁ። ያን ጊዜ በሥራ ዘመኔ ያየኋቸው የከሰል ሕሙማን ትዝ አሉኝ፤ አራስ ለማሞቅ ከሰል አግብተው በር የዘጉ፣ እናትም ልጅም አስታማሚም በአንድ ሌሊት ራሳቸውን ያመማቸው ቤተሰቦች። መኪናዋን ዳር አስያዝኩና ልጁን ጎትቼ ዝናቡ ውስጥ አወጣሁት። እግሩ ተብረከረከ።

ያገኘነው መኪና አቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም አደረሰን። ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ አደረጉለት፤ 97 አለ። ደህና የሚባል ቁጥር ነው። ግን ያ መሣሪያ ኦክስጅን የያዘን ደም ካርቦን ሞኖክሳይድ ከያዘ ደም መለየት አይችልም። ከየት እንደመጣን፣ ምን እንደተነፈስን በዝርዝር ነገርኳቸው። ወጣቷ ነርስ ሰምታኝ ወዲያው ኦክስጅን በጭምብል አደረገችለት። ከሰዓት በኋላ ራስ ምታቱ ለቀቀው። እኔ ግን ከአልጋው አጠገብ ተቀምጬ ያንን «ይቅር» ያልኩትን ቃል ስቆጥር ዋልኩ።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። አየሩ በሳሳበት ከፍተኛ ቦታ፣ እንደ አዲስ አበባና አካባቢው ባለ፣ ጉዳቱ ይከፋል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው። ጉንፋን ወይም ረኃብ ይመስላል። የሚለየው አብረው ያሉ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ማመሙና ውጭ ሲወጡ ቀለል ማለቱ ነው።

ለልጄ ማታውኑ ነገርኳት። መካኒኩ ያስጠነቀቁኝን፣ እኔ ገንዘብ ቆጥቤ የተውኩትን፣ ማንሻውን አይቼ ዝም ማለቴንም አልደበቅኩም። ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። በመጨረሻ «እማዬ፣ የምፈራው መኪናዋን አይደለም። ‹ይቅር› ማለትሽን ነው» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ልክ ነበረች። ሳጥኖቹ ሳይለወጡ ልጇ እንደማይሳፈር ነገረችኝ፤ ልጁም አትሸጥ ብሎ ለመናት።

ቮልሷ በሌላ መኪና ተጎትታ ተመለሰች፤ እስከ ኅዳር ቆመች። የእቁብ ዕጣዬ ሲደርስ ሁለቱንም ሳጥኖች፣ ማርሚታውንና በሞተሩ ዙሪያ ያለውን የጎማ መከላከያ አስለወጥኩ። ውጭ አገር ያለው ልጄ በባትሪ የሚሠራ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር የሚጮህ ትንሽ መሣሪያ ላከልኝ። እሱን ከፊት አስረነዋል።

ከልጆቻችሁ ጋር አሮጌ መኪና ለምታድሱ

ይህን የምጽፈው ሰው ለማስፈራራት አይደለም። ከልጅ ልጄ ጋር ያሳለፍኩትን ያንን ክረምት በምንም አልለውጠውም። ግን በመካኒክም በነርስም ዓይን ያየሁትን ልንገራችሁ።

የጭስ ቱቦና የማሞቂያ ዕቃ ላይ አትቆጥቡ። በጀት ካጠራችሁ ቀለሙን አዘግዩ። ሞተር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አታስነሡ።

የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዝ ሊኖርበት ይችላል። በደረቁ አትፈግፍጉት፤ እያራሳችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን በተገቢው ጭምብል ሸፍናችሁ ይሁን። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር አይጠጉ። የሥራ ልብስ ከሕፃናት ልብስ ጋር አይታጠብ።

የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ብናኙን በአየር ግፊት ወይም በአፋችሁ አትንፉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ጨርቁን በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉ።

በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ መደገፊያ ይኑር።

የባትሪው ጫፎች ይሸፈኑ። በቮልስ የኋላ መቀመጫ ሽቦ ከባትሪው ጋር ከተነካካ እሳት ያስነሣል። እሳት ማጥፊያም ከመኪናው አይለይ።

ያለ ቀበቶ አትሂዱ። እኛ ለፊት መቀመጫዎች በባለሙያ አስገጥመናል፤ ከኋላ ሰው አናሳፍርም።

በመጨረሻም ልጁ ምክንያቱን ይወቅ። እኔ ማንሻው ለምን እንደማይከፈት በአንድ ዓረፍተ ነገር ብነግረው ኖሮ ያ ሁሉ አይደርስም ነበር።

ቮልሷ ዛሬም አላለቀችም። ግራ ጎኗ ስቱኮ እንደተቀባ ነው፤ ቀለሙ የሚቀጥለውን እቁብ ይጠብቃል። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይቷን ይለካል፤ መንጃ ፈቃድ እስኪያወጣ ግን መሪ አይነካም።

ልጄ ለወራት አልቀረበቻትም። ባለፈው ጥምቀት ማግስት ግን መጥታ ከፊት ተቀመጠች። ቀበቶዋን አሰረች፤ መሣሪያውን አየች፤ ዜሮ ይላል። መስኮቱንም ትንሽ ዝቅ አደረገችው።

«በይ እንሂድ» አለችኝ።